የካሜራው ዓይን፣ የደብተሩ ጆሮ

የስሜን ተራሮችን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ሁለት ወዳጆች ቢይዝ መልካም ነው፤ ካሜራና ማስታወሻ ደብተር። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ገደሉ ከእግር ሥር ወለል ብሎ ይከፈታል። ያንን ስፋት፣ የጅብራውን ቁመና፣ የአውራ ጭላዳውን ጋማና ቀይ ደረት ካሜራ በቅጽበት ይይዛል። ጨነቅ አካባቢ ዋልያ ብቅ ብሎ ከገደሉ ቢሰወርም፣ ምስሉ ይቀራል።

ደብተር ደግሞ ፎቶ የማያውቀውን ያውቃል፤ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ የሚሰማውን ድምፅ፣ የማለዳ ውርጭ ሲቀልጥ የሚነሣውን የጓሳ ሽታ፣ አብሮን የተጓዘው ስካውት እሳት ዳር ያጫወተንን ጨዋታ። ሳንቃበርም ሆነ ግጭ ስናድር፣ ብርዱ ጣቴን ቢያደነዝዘውም ሦስት አራት መስመር ሳልጽፍ አልተኛም፤ ቀኑን፣ የሰፈርንበትን ቦታ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን። የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ ብርድ አያግደውም፣ ዝናብ ቢነካውም አይፈስም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የእኛ ፎቶና ማስታወሻም የራሱ መዝገብ ነው። ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶ ከዓመታት በኋላ ዛፉ የት እንደነበረ፣ መንጋው የት ይግጥ እንደነበረ ለልጆቻችን ይመሰክራል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ካሜራና ደብተር ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ ተራራው ከእኛ ጋር ቤታችን ይገባል፤ ለሚመጣው ትውልድም ይተርፋል።