የረዣዥም እንግሊዝኛ ቃላት አከፋፈልና የአጽንኦት ፍለጋ፤ ሒሳዊ አስተያየት

ረዣዥም የእንግሊዝኛ ቃላትን ለማስነበብ ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ቃሉን አስቀድሞ በየቀለሙ መከፋፈል፣ አጽንኦቱን ግን ኋላ መፈለግ ነው። ዘዴው ለመምህሩ ይቀላል፤ ለተማሪው የሚጠቅመው ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው እንከን የሚመነጨው ከፊደል ልማድ ነው። በአማርኛ ማንበብ የለመደ ተማሪ አንዱን ፊደል እንደ አንድ ቀለም መቁጠር ይቀናዋል። «ስትሬንግትስ» (ብርታቶች) በአማርኛ ሲጻፍ ሰባት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ አንደበት ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የሚሰማው አናባቢ አንድ ነውና። የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን አናባቢ መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረ የክፍፍሉ ደንብ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

መዝገበ ቃላትም መሸሸጊያ አይሆንም። በአያሌ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት በመሪ ቃሉ ፊደላት መካከል የሚታዩት ነጥቦች በመሠረቱ ቃሉ በመስመር መጨረሻ የት ሊቆረጥ እንደሚችል ለጸሐፊና ለአታሚ የሚያመለክቱ ናቸው። ነጥቦቹን ብቻ የሚቆጥር ተማሪ የማተሚያ ቤት ደንብ አጠና እንጂ ንግግር አልተማረም።

ዋናው ቁም ነገር አጽንኦት ነው። እንግሊዞች ሲናገሩት «ፎተግራፍ» በመጀመሪያው ቀለም ይጠነክራል፤ ባለሙያው «ፈቶግረፈር» ሲባል በሁለተኛው፣ ቅጽሉ «ፎተግራፊክ» ሲሆን በሦስተኛው። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አጽንኦቱ ሲዛወር «ፎ» ወደ «ፈ» ይደበዝዛል፤ «ተ» ወደ «ቶ» ይጎላል። ይህን ደብዛዛ ድምፅ ለማሳየት የአማርኛው የግእዝ አናባቢ ከላቲኑ ፊደል ይልቅ የቀረበ መሣሪያ ስለሆነ መምህሩ ሊንቀው አይገባም።

የእንግሊዝኛ አጽንኦት ሥርዐት የለሽ ነው መባሉም ትክክል አይደለም። ሮጀር ኪንግደን በ1958 እ.ኤ.አ.፣ ቾምስኪና ሃሌ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መጻሕፍት የሚበዛው ከቃሉ አሠራር የሚታወቅ መሆኑን አሳይተዋል። በ«-ሽን»፣ በ«-ኢክ» እና በ«-ኢቲ» በሚጨርሱ ቃላት አጽንኦቱ አብዛኛውን ጊዜ ከባዕድ መድረሻው በፊት ባለው ቀለም ያርፋል፤ «ኤሌክትሪክ» በሁለተኛው፣ «ኤሌክትሪሲቲ» በሦስተኛው። «ካቶሊክ» እና «ፖሊቲክስ» ከደንቡ ያፈነግጣሉ፤ እነዚህን ለይቶ ማስጠናት ግን ቃል ሁሉ ከመቆራረጥ ይቀላል።

አጽንኦትን ከአማርኛው ማጥበቅ ጋር ማመሳሰልም አደጋ አለው። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ፍቺው የሚለየው በተነባቢው ቆይታ ነው። የእንግሊዝኛው «ሬኮርድ» ስም ወይም ግሥ መሆኑ የሚለየው ግን በአናባቢው ርዝመት፣ በድምፁ ከፍታና ጉልበት ነው። ይህ በጆሮ እንጂ በእርሳስ መስመር አይታወቅም። የመስመር መጨረሻ ክፍፍል ወደ ጽሕፈት ትምህርት ቢዛወር የንባቡ ክፍለ ጊዜ ለማዳመጥ ይተርፋል።