የፊደል ገበታና የንባብ ፍቅር
በመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ ላይ የቀረበ ሂስ

የአንደኛ ክፍል መምህር በዘንግ ወደ ፊደል ገበታ እያመለከተ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ሲሉ መስማት በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነው። ድምፁ ያማረ፣ ሥርዓቱም የተጠበቀ በመሆኑ ተመልካች «ትምህርቱ ገብቷቸዋል» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው፤ ሕፃኑ የሚያየው ፊደሉን ነው ወይስ የሚከተለው በቃሉ የያዘውን ዜማ?

ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ግምገማ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ገበታ ላይ የቆየ ልጅ አንዲት ቃል ማንበብ ካልቻለ፣ ከሦስተኛ ክፍል በኋላ የሚጠብቀው የሳይንስም ሆነ የኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፍ ለእርሱ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ዘዴያችንን ከሥሩ መመርመር ግድ ይሆናል።

ምርመራው ከራሱ ከፊደል ገበታው ቢጀምር መልካም ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በአገሪቱ ያሠራጩትና አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው ገበታ ሦስት ዐበይት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በየቤቱ የተሰደረው ፊደል ነው። ሁለተኛው «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ብሎ የሚጀምረው አቡጊዳ ነው። ሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ምንባብ ነው። እነዚህ ክፍሎች እንዲሁ የተደረደሩ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው የማስተማር ተግባር ያላቸው ናቸው። ሀሁ ፊደሉን በቤተሰብ ያስተዋውቃል። አቡጊዳ ተራውንም ድምፁንም ስለሚያፋልስ፣ በዜማ ተደግፎ ያለፈውን ልጅ የፊደሉን መልክ እንዲመለከት ያስገድደዋል። ምንባቡም ፊደል የተቆጠረው ለንባብ መሆኑን ወዲያው ያስረዳል። የቀድሞ መምህራን መዘመርና ማንበብ የተለያዩ መሆናቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ለማለት ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ዘመናዊው ክፍል ከዚህ ቅርስ የወረሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አቡጊዳው ከብዙ ክፍሎች ጠፍቷል፤ ምንባቡም ፊደሉ በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ ይዘገያል። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም አንድም ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ያላነበበ ሕፃን ትምህርቱን ቢሰለች ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ይህን ስንል ወደ ቄስ ትምህርት ቤት እንመለስ ማለታችን አይደለም። በዚያ የሚነበበው በግእዝ ስለ ነበር ሕፃኑ የሚያነበውን አይረዳም፤ አለንጋውም ከመጽሐፉ አይርቅም ነበር። ልንወስድ የሚገባን መርሑን ነው፤ ምንባቡ ሕፃኑ በሚናገረው ቋንቋ መሆን አለበት።

በሌላ በኩል፣ የእንግሊዝኛን የድምፅና የፊደል ማስተማሪያ ዘዴ እንዳለ ወደ አማርኛ ለማምጣት የሚደረገውም ጥረት ጥንቃቄ ይሻል። በእንግሊዝኛ ዋናው ችግር አንድ ፊደል ብዙ ድምፅ መያዙ ነው። በእኛ ዘንድ አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ ዕዳው የፊደላቱ ብዛትና የመልካቸው መቀራረብ ነው። ለዚህ የሚረዳው ደንቡን ማሳየት ነው። የካዕብ ምልክት በአብዛኛው በፊደሉ ቀኝ ወገብ ላይ፣ የሣልስ ደግሞ በቀኝ እግሩ ግርጌ እንደሚቀጠል፣ ኃምስም በዚያው ስፍራ ቀለበት እንደሚያወጣ ያስተዋለ ልጅ ብዙ ፊደል በአንድ ጊዜ ያተርፋል። እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉትን ከደንቡ የወጡትን፣ እንዲሁም ወጥ መልክ የሌለውን ሳድስን ለብቻ ማስጠናት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ፊደላችን ሁለት ነገሮችን አይጽፍም። አንደኛ፣ ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይኖረዋል፤ አንዳንድ ጊዜ አይኖረውም። «ልብስ» በሚለው ቃል «ል» አናባቢ ሲኖረው «ብ» እና «ስ» የላቸውም፤ ሦስቱንም በገበታው ዜማ የሚጠራ ልጅ ቃሉን አያገኘውም። ሁለተኛ፣ መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ዋና ነገር» እና «የወንዝ ዋና»፣ «ልጁ መጣሁ አለ» እና «ልጁ ቤት አለ» የሚለዩት በትርጉም ብቻ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ትርጉሙን ያልተረዳ ሰው ድምፁንም አያቃናም። «መጀመሪያ ፊደሉን ይወቅ፤ መረዳቱና ፍቅሩ ኋላ ይመጣል» የሚለው አስተሳሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የለ፣ የመና የበ ቤቶች 21 ፊደላት ናቸው። እነዚህን ብቻ የለየ ልጅ «ላም»፣ «ልብ»፣ «ላባ» ብሎ ማንበብ ይችላል፤ «ማሞ ሎሚ በላ» የሚለውንም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያነባል። መምህሩ «ሎሚ ሲበላ የማሞ ፊት ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ ይስቃል፤ ንባብም ደስታ ያለበት ነገር መሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታወቃል። የተማሩትን ፊደላት በየቀኑ እያፈራረቁ ማስነበብም የአቡጊዳን ጥቅም ይመልሳል። ፈተናውም ገበታውን በተራ ማስዘመሩን ትቶ፣ ተማሪው ቀድሞ አይቶት የማያውቀውን ቃል ማስነበብ ይኖርበታል።

ፍቅሩን በተመለከተ፣ መምህሩ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ተረት ወይም ታሪክ ከመጽሐፍ ጮክ ብሎ ቢያነብና ከንባቡ በኋላ ጥያቄም ሆነ ነጥብ ባይኖር ይመረጣል። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ምንባብ ሁሉ በጥያቄ ስለሚደመደም፣ ልጆች መጽሐፍን ከፈተና ለይተው አያዩትም። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም እጩ መምህሩ ለሕፃናት አጣፍጦ ማንበብ መቻሉን በማስተማር ልምምድ ወቅት ሊመዝኑ ይገባል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ጉዳይ የመጽሐፍ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ፊደል ለለዩ ሰዎች የንባብ ክፍሎችንና ተከታይ ጽሑፎችን ማዘጋጀት የሥራው አካል ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት፣ ማንበብ የሚችል ልጅ የሚያነበው ይሻል ከሚል እምነት ነው። በአንዲት የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አንባቢ አይወጣም። በየአንደኛው ክፍል አነስተኛ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንዲኖር፣ መጻሕፍቱም ተቆልፈው ሳይቀመጡ በልጆች እጅ እንዲያረጁ በጀት ሲያዝ መታሰብ አለበት።

ፊደል ለንባብ መግቢያ በር ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ሕፃኑን በበሩ ላይ ለዓመታት አቁመው ማስዘመራቸውን ትተው፣ በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል።