ተራና ቴራ፦ ስለ ፈጣን ዲስክ አመራረጥ

መርካቶ ለማያውቃት ሰው ትርምስ ብቻ ትመስለዋለች፤ ለሚያውቃት ግን ሸማው በሸማ ተራ፣ ቅቤው በቅቤ ተራ፣ እህሉ በእህል በረንዳ፣ ዕድሜውን ጨርሶ የተጣለው ቆርቆሮና ብረት እንኳ በምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚነሣባት፣ ሁሉም በየመደቡ የተሰደረባት ሥርዐተኛ ከተማ ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚህ እንዲዛወር ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ «ተራ» የሚለው ቃል የዚህች ገበያ የሥርዐቷ ሁሉ ማሰሪያ ሆኖ ኖሯል። የእኔ ሥራ ደግሞ የዚህን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ከግዕዝ ወደ ኃምስ አሻግሮ «ቴራ» የሚል ሌላ ቃል አመጣብኝ፤ እነሆ ዛሬ ከተራ ተራ እየዞርሁ የምፈልገው ነገር ቢኖር በመዳፍ የሚያዝ፣ አንድ ወይም ሁለት ቴራ፣ ማለትም ቴራባይት፣ የሚችል፣ ከኮምፒዩተር ጋር በኬብል የሚገናኝ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ነው።

ሥራዬ የሠርግና የክርስትና፣ የምርቃትና የተዝካር ምስል እየቀረጹ ማቀናበር ሲሆን፣ የምሠራባትም ክፍል የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን እኩል ከሚሰማበት ፎቅ ላይ ናት። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ እንደገናም ከትንሣኤ በኋላ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ የቅዳሜው ምስል ሳይቀናበር የእሑዱ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ዘገምተኛ ዲስክ ይዞ መገኘት ዝናም ሲመጣ በሚያፈስ ጣራ ሥር እንደ መገኘት ነው። ስለዚህ ስለ ፍጥነት ብዙ አስቤአለሁ፤ ነገር ግን ስለ ፍጥነት የማውቀውን ከፈጣን ዲስክ አልተማርሁትም፤ የተማርሁት ከሐሰተኛ ዲስክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሚያዝያ ወር ላይ፣ ሥራ ከወገቤ በላይ በሞላኝ ሰሞን፣ አንድ ሻጭ ብርማ ቀለም ያለው፣ ለእጅ ከበድ የሚል፣ በጀርባው «16 ቴራ» ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ በአንድ ቴራ ዋጋ አቀረበልኝ። አፍአዊ መልኩ እጅግ ያምር ነበር። እኔም ጠንቃቃ መስዬ ኻያ ጊጋባይት ያህል ዘፈንና ፊልም ገልብጬበት፣ ሁሉም ሲከፈት አይቼ ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። በማግሥቱ የአንዲት ሙሽራ ሠርግ ሙሉ ምስል ከካሜራው ካርዶች ወደዚያ ዲስክ ተገለበጠ፤ የፋይሎቹም ስም በተርታ ታየ፤ ካርዶቹም ለሚቀጥለው ሠርግ ተጸዱ። ማክሰኞ ለማቀናበር ስቀመጥ፣ ሙሽራው ሊወስዳት ከደጅ ሲደርስ ያለው የጠዋቱ ምስል ተከፈተ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወዲያ ያለው ግን ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ዲስኩን በጩቤ ስፈለቅቀው ከውስጡ የወጣው የጥፍር ያህል የስልክ ሚሞሪና፣ ክብደት እንዲሰጠው በማስቲሽ የተጣበቀ ብረት ነበር። የሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ ሽማግሌ ላኩብኝ፤ ገንዘባቸውን መለስሁ፤ ከእንግዶቹ ስልክ የተለቀመውንም ምስል አሰናድቼ ሰጠሁ፤ ይሁንና ያ ቀን ተመልሶ የሚገባበት ካሳ እንደሌለው ዛሬም ኅሊናዬ ይመሰክርብኛል።

የዚህ ማታለል ምሥጢሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ዲስክ ውስጥ ለኮምፒዩተሩ «ይህን ያህል እይዛለሁ» ብሎ የሚመልስ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ያ ቺፕ ሐሰት እንዲናገር ሆኖ ከተሰናዳ፣ ስድሳ አራት ጊጋ ብቻ የሚይዘው ዕቃ ዐሥራ ስድስት ቴራ ነኝ ይላል፤ ከዐቅሙ በላይ የመጣለትንም ሁሉ እንደ ተቀበለ እየመለሰ፣ ወይ ይጥለዋል ወይም በቀድሞው ላይ ይደርበዋል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ከመጀመሪያው ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ሳይጠፋ ይታያል። እንግዲህ ኻያ ጊጋ አድርጌ መሞከሬ ሞኝነቴን ገለጠው እንጂ ዲስኩን አልፈተነውም።

ያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ እናቴ ነበረች። በልጅነቴ ተከትያት ቅቤ ተራ ስሄድ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ከላዩ አትቀምስም ነበር፤ ስንጥር አዘጋጅታ እስከ መካከሉ ትሰድና መዝዛ ታሸተዋለች። ሻጭዋ ቅር ብሏት «እትዬ፣ ከላይ ብትቀምሺው ምን ነበረበት?» ስትል፣ እናቴ «ከላይማ የቀባሽው አንቺ ነሽ» ብላ ትመልስላት ነበር። ቅቤው የተበረዘ ከሆነ ጥላ ትሄዳለች፤ ደኅና ከሆነ ግን አታመሰግንም፤ ዝም ብላ ከመቀነቷ ገንዘቧን ፈትታ ትቈጥራለች። እህል በረንዳም የበቃ ነጋዴ እጁን እስከ ክርኑ ከጆንያው ሆድ አግብቶ ሳያወጣ ዋጋ አይናገርም።

ለዲስክም ስንጥር አለው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቁት «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» እና «ኤፍ ስሪ» የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚታወቅ ጽሑፍ ይሞሉትና፣ እንደገና ከመጀመሪያው አንሥተው የጻፉት ሁሉ ሳይለወጥ መኖሩን እያነበቡ ይመረምራሉ። አንድ ቴራ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ መሙላት ብቻውን ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማንበቡም ሌላ ሦስት ሰዓት። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን አይወድም፤ ነገር ግን ከአንድ ሌሊት እንቅልፍና ከአንድ ሠርግ የቱ እንደሚበልጥ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ለሻጮች ፍትሕ ሲባል ልናገር፤ እውነተኛው የአንድ ቴራ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ተብሎ ቢታይ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በሺህ እየቈጠረ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቈጥር ነው፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ሳይተካከል እንደ ኖረው ሁሉ ማለት ነው።

ይህን ፈተና ለሐሰተኛው ብዬ ጀምሬ ሳለሁ፣ ለእውነተኛውም የሚሆን ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። የታወቀ ፋብሪካ የሠራቸውን፣ ዐቅማቸው ልክ የሆነ ሁለት ኤስኤስዲዎች (የሚሽከረከር ነገር የሌላቸው፣ በቺፕ የሚጽፉ ዲስኮች) ስሞላ፣ ሁለቱም በመጀመሪያው ደቂቃ እኩል ይበርራሉ፤ ካርቶናቸውም ላይ ያለው ቍጥር ያው ነው። ከመቶ ጊጋ በኋላ ግን አንደኛው ሩጫውን ሲቀጥል፣ ሌላው በድንገት ደክሞ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ያነሰ እርምጃ ይራመዳል። ምክንያቱ ከረቂቁ አሠራር ውስጥ ነው፤ በዲስኩ ቺፕ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች በእያንዳንዳቸው አንድ ቢት ሲጻፍባቸው ፈጣኖች ናቸው፣ ሦስት ወይም አራት ቢት እንዲይዙ ሲደረግ ግን ዕቃው ይረክሳል፣ መጻፉም ይዘገያል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ከክፍሎቹ ከፊሉን አንድ ቢት ብቻ እየጻፈ እንግዳ መቀበያ ያደርጋቸዋል። መቀበያው እስኪሞላ ድረስ ፍጥነቱ ያስደንቃል፤ ሲሞላ ግን የቤቱ እውነተኛ ኑሮ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደቂቃ ፍጥነት የሻጩ ቃል ነው፤ የዲስኩ የራሱ ጠባይ የሚታወቀው ከመካከሉ ወዲያ ነው። ጥቂት ሰነድ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ልዩነት ከንቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ጊጋ ለሚያፈስስ ሰው ግን የነገሩ ሁሉ ራስ ይህ ነው።

የምናፈስሰውን ልክ ማወቅም ተገቢ ነው። የእኔ ካሜራ በሴኮንድ መቶ ሜጋቢት ሲጽፍ፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርጽ 450 ጊጋባይት ነው። ይህን በሴኮንድ 120 ሜጋባይት የሚጽፍ ሃርድ ዲስክ በአንድ ሰዓት ያህል፣ 900 የሚጽፍ ኤስኤስዲ ደግሞ በስምንት ደቂቃ ሊጨርሰው ይገባ ነበር። ይገባ ነበር ማለቴ በከንቱ አይደለም። ከጅቡቲ ስንት ኵንታል ጭኖ የመጣ ተሳቢ መኪና ከተራው አፍ ላይ ሲደርስ፣ ዕቃው ወደ መደብሩ የሚገባው በተሸካሚ ትከሻ ነው፤ የጭነቱም ፍጥነት በመጨረሻው የተሸካሚው እግር ፍጥነት እንጂ የመኪናው አይደለም። የካሜራዬ ካርድ በሴኮንድ ከዘጠና ሜጋባይት በላይ ማስነበብ የማይችል ሆኖ ሳለ፣ የፈለግሁትን ያህል ውድ ዲስክ ብገዛ መገልበጡ ከሰማንያ ደቂቃ አይወርድም። ፈጣኑ ዲስክ ዋጋውን የሚከፍለው ከዚያ በኋላ፣ ምስሉን ከዲስኩ ላይ እያነበብሁ ሳቀናብር ነው።

ተሸካሚው ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው በኬብል ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ባለካሜራ አንድ ቀን መጥቶ «ጋሼ፣ አዲሱ ኤስኤስዲ ተበላሸብኝ፤ ከፍላሽ አይሻልም» አለኝ። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ከካርቶኑ ጋር የመጣው አጭር ኬብል ጠፍቶበት በስልክ ቻርጀር ኬብል ሰክቶት ነበር። የቻርጀር ኬብል ጫፉ ያው ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያለው ሽቦ በ2000 እ.ኤ.አ. ለወጣው ዩኤስቢ 2 ብቻ የሚበቃ ነው፤ በእርሱም በሴኮንድ ከአርባ ሜጋባይት በላይ እምብዛም አያልፍም። ኬብሉን ስቀይርለት አፍሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼን ሁሉ፣ ዲስክ ስትገዙ በሦስት በር እንደምታልፉ አስቡ እላቸዋለሁ፦ የኮምፒዩተሩ በር፣ ኬብሉ፣ ዲስኩ፤ ከሦስቱ ጠባቡ በር ፍጥነታችሁ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ለኪስ ከብዷል፤ ስለዚህም ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ አዲስ ኬዝ ለብሶ መሸጡ አያስገርምም። በእውነተኛ ስሙ ከተሸጠ እኔ አልነቅፈውም፤ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባለው ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ጤንነቱን አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። የሚሽከረከረውንም ሃርድ ዲስክ እንደ ሽማግሌ አገልጋይ አከብረዋለሁ። ታክሲ ውስጥ እየሠራ ቢናጥ ሊሰበር ይችላል፤ ይሁን እንጂ በቴራ ሲሰላ ርካሽ ነው፤ ኤስኤስዲ ግን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለብዙ ዘመን ቢቀመጥ የያዘው ቀስ በቀስ ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ በእኔ ቤት ኤስኤስዲው ልኡክ ነው፤ ይሮጣል፣ ያደርሳል፣ ይመለሳል፤ ሃርድ ዲስኩ ዕቃ ቤት ነው፤ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። ልኡኩን ዕቃ ቤት ያደረገ ሰው አንድ ቀን ያዝናል።

ዕቃ ቤቱም አንድ ብቻ መሆን የለበትም። በ1973 እ.ኤ.አ. የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር፣ ፎቶው ከአዲስ አበባ ሌላ በሚኒሶታ ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍትም እንዲቀመጥ ሆነ፤ እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት እዚያ ተቀምጠው ዝርዝሩን ሊያዘጋጁ የቻሉት፣ የአንዱ ደብር መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ እንዳይጠፋ የተደረገውም በዚህ ነው። ለእኛ ለመርካቶ ሰዎች ደግሞ ይህን በእሳት ያስተማረን ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ወር አንድ ሌሊት ሸማ ተራ ሲነድድ ከሩቅ ያየ ሰው፣ ሁለት ቅጂ በአንድ ፎቅ ማስቀመጥ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ መሆኑን ሳይነገረው ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛው ሃርድ ዲስኬ ከመርካቶ ውጭ፣ ቤቴ ያድራል።

አሁን ዲስክ ልገዛ ስሄድ ፍጥነቱን አልጠይቅም፤ ሻጩን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እስከ አፉ ሞልቼ አንብቤው፣ ቢጐድል ነገ ትመልስልኛለህ?» አንዳንዱ ካርቶኑን እያሳየ ስለ ፋብሪካው ክብር ይነግረኛል፤ አንዳንዱ ዕቃው ከተከፈተ አይመለስም ይላል። አንድ ነጋዴ ግን ሂሳብ ከሚሠራበት ቀና ሳይል «ውሰድና ሙላው፣ ወንድሜ» አለኝ። ዲስኩን ወስጄ ማታ ሰክቼ ተኛሁ፤ በማግሥቱ ጧት ከመካከሉም ሳይደክም፣ አንዲት ቃል ሳትጐድልበት ተሞልቶ ተነብቦ አገኘሁት። ተመልሼ ሄጄ ለሚመጣው ጥር ሌላ አንድ እንዲጨምርልኝ ስነግረው፣ ነጋዴው «እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ እናቴ ምንም ሳልመልስ ገንዘቤን አውጥቼ መቍጠር ጀመርሁ።