የግብሩ ድንኳንና የገበሬው ዝምታ፦ የ1967ቱ የረሃብ ፊልም ሂሳዊ ዳሰሳ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው የረሃብ ዘጋቢ ፊልም ከሁለት ምንጮች የተቀዳ ነበር። አንደኛው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ ሠርቶት ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም በብሪታንያው ቴምስ ቴሌቪዥን የቀረበው ዘገባ ነው። ሁለተኛው የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ነው። ደርግ ሁለቱን አፈራርቆ አቀናበረ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የፊልሙ ጉልበት ያለው በቅንብሩ ላይ ነው። በአንድ ወገን አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን፣ በሌላው ወገን ውሾቻቸውን ሥጋ የሚያበሉ ንጉሥ ይታያሉ። በዘውዳዊው ሥርዓት ግብር ማብላት የቸርነትና የሹመት ምልክት ነበር፤ የድግስ ምስልም የዙፋኑን ግርማ ይናገራል። ከረሃቡ ጎን ሲቀመጥ ግን ያው ድግስ የጭካኔ ማስረጃ ሆነ። ሶቪየታዊቷ ኤስፊር ሹብ በ1927 እ.ኤ.አ. የሮማኖቭን ሥርወ መንግሥት ውድቀት ባሳየችበት ፊልም የዛሩን ዘመን ምስሎች በዛሩ ላይ ያስመሰከረችው በተመሳሳይ ስልት ነው።

ቅንብሩ የንጉሡን ትርጉም ቢገለብጥም የገበሬውን አልለወጠም። በዙፋኑ ትዕይንት ገበሬው እጅ ነሺ ነው፤ በአብዮቱ ፊልም ደግሞ የሚታዘንለት ገላ ነው። በሁለቱም ስለ እሱ ሌላ ሰው ይናገራል። «ረሃብተኛ» የሚለው አንድ ቃል የወሎን ጭሰኛ፣ ባለርስቱንና ከብቱ ያለቀበትን የአፋር አርብቶ አደር በአንድነት ጠቅልሎ ልዩነታቸውን ያጠፋል።

ከዚህ ሥዕል ውጭ የቀረው ምን እንደሆነ የጎጃም ታሪክ ያሳያል። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች «መሬታችን በቃላድ ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብለው ሰጉ። አቤት አሉ፤ አቤቱታው ሰሚ ሲያጣም ጠመንጃ አነሡ። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ዐመፁ የዙፋኑን ሹማምንት ይቃወም እንጂ ዓላማው የቆየውን የርስት ሥርዓት ማስከበር ነበር። ወግ አጥባቂም ዐመፀኛም የሆነው ይህ ገበሬ በግርማው ትዕይንትም በአብዮቱ ፊልምም ቦታ የለውም፦ ለመጀመሪያው ደፋር ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሊፈርስ የተወሰነውን ርስት የሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ የውክልና ጥያቄ ገበሬው በፊልሙ ውስጥ ስንት ጊዜ ታየ በሚል ቆጠራ አያልቅም። ፊልሙ ረሃቡን መደበቅ እንዳይቻል አድርጓል፤ ይህ ትልቅ ሥራው ነው። የተራበውን ሰው ግን ጉዳዩን ራሱ እንደሚያስረዳ ባለጉዳይ አላቀረበውም። ተመልካቹም ሌላ ሰው ነበር። በ1957 ዓ.ም የተጀመረው ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እምብዛም አልራቀም። ስለ ገበሬ የተሠራውን ፊልም የአዲስ አበባ ባለቴሌቪዥን ሲያየው፣ በጎጃም ደብረ ወርቅ ዙሪያ የሚያርሰው ሰው የንጉሡን መውረድ የሚሰማው በራዲዮ ወይም ከገበያ በተመለሰ መንገደኛ አፍ ነበር።