ስለ ፀሐይ የሚዘምረው ወፍና የእኛ መማሪያ ክፍል

ስለ ጤና ትምህርት በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የምናማርረው የመጻሕፍትንና የገንዘብን እጥረት ነው። መልእክቱ ራሱ እንዴት እንደ ተቀረጸ፣ ለማን እንደ ተነገረና ማንን እንደ ዘነጋ መርምሮ ሐሳብ መስጠት ግን እምብዛም አልተለመደም። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ልጆችና ወጣቶች ቆዳቸውን ከፀሐይ እንዲጠብቁ ለማስተማር ከተዘጋጁት ሥራዎች መካከል ስሙ በጣም የታወቀውን የአውስትራሊያ ዘመቻ ነው። ዓላማችን ሥራውን ማወደስ ወይም ማጣጣል አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምር መምህራን ከዚህ ሥራ የምንወስደውንና የማንወስደውን ለመለየት ነው።

«ስሊፕ፣ ስሎፕ፣ ስላፕ» የተባለው ይህ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1981 በቪክቶሪያ የፀረ ካንሰር ምክር ቤት አማካይነት ተጀመረ። ዋናው መሣሪያው ሲድ የተባለ የባሕር ወፍ እየጨፈረ የሚዘምርበት አጭር የካርቱን ፊልም ሲሆን፣ ሥራው የፊሊፕ አዳምስ፣ የአሌክሳንደር ስቲትና የፒተር ቤስት ነው። ሦስቱ ቃላት ሦስት ትእዛዛት ናቸው፤ ሸሚዝ ልበስ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀባ፣ ባርኔጣ ድፋ ማለት ነው።

በቅድሚያ የሥራውን ጥንካሬ እንመልከት። ሦስቱም ቃላት በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚጀምሩ ከልጅ አፍ አይጠፉም። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ቃል በእጅ የሚሠራ አንድ ሥራ ያዛል። እኛ በየግድግዳው የምንለጥፋቸው የጤና ማስታወቂያዎች «ጥንቃቄ እናድርግ»፣ «ጤናችንን እንጠብቅ» በማለት ያበቃሉ። ተማሪው አንብቦ ይስማማል፤ ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ሲድ ግን ልጁን ሸሚዙን ወደሚያነሣበት፣ ባርኔጣውን ወደሚፈልግበት ቦታ ይመራዋል። በማስተማር ሙያ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

ዘመቻው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ከሦስት አውስትራሊያውያን ሁለቱ 70 ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የቆዳ ካንሰር እንደሚገኝባቸው ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራው ሰንስማርት በተባለ ሰፊ ፕሮግራም ተተካ፤ ባርኔጣ የሌለው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ እንዳይጫወት የሚያደርግ ደንብም በብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተለመደ። ከዚያ ወዲህ በወጣቱ ትውልድ ላይ ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር እየቀነሰ መምጣቱ ተመዝግቧል። ዘፈኑ ብቻውን ይህን አደረገ ማለት አይቻልም። ሆኖም ዘፈን ከደንብ ጋር ሲጣመር ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሥራው እንከን የለሽ አይደለም። የመጀመሪያው ጉድለት ጥላ መዘንጋቱ ነው። ጥላ ፈልግና የፀሐይ መነጽር አድርግ የሚሉት ሁለት ትእዛዛት የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ማለትም ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ከጥበቃዎች ሁሉ ርካሹና ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚበቃው የዛፍ ጥላ ሆኖ ሳለ፣ ከሱቅ የሚገዛው ቅባት ቀድሞ ተዘመረለት። ቅባቱ አይሠራም ማለታችን አይደለም። በኩዊንስላንድ ናምቡር በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 በ1,621 ጎልማሶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በየዕለቱ ቅባቱን እንዲቀቡ በተደረጉት ላይ ስኩዌመስ ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የእኛ ነቀፌታ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለሀብታም አገር ልጅ ብዙ ልዩነት ላያመጣ ይችላል፤ ቅባት መግዣ ለሌለው ቤተሰብ ግን ቅባትን አስቀድሞ መጥራት በሩን እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጉድለት የመድረኩ ነው። ሲድ የሚጨፍረው በባሕር ዳርቻ፣ በሙቀት መካከል ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ፀሐይ የምትጎዳው ስታቃጥል ብቻ ነው ብሎ እንዲያምን ይገፋፋዋል። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይታይም፣ እንደ ሙቀትም አይሰማም። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ፣ አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ በጨረር ረገድ ከቆላው ወደብ ትብሳለች። ደብረ ብርሃን ላይ በነፋሱ እየተንቀጠቀጠ ሹራብ የደረበ ልጅ ፊቱ በፀሐይ ሊቃጠል እንደሚችል የባሕሩ ወፍ አይነግረንም። ይህን የሚነግረው የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህር ነው። ተማሪዎች በግቢው አንድ እንጨት ተክለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጥላውን ቢለኩ፣ ጥላው ከእንጨቱ በሚያጥርበት ጊዜ ጨረሩ ብርቱ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ አዲስ አበባ ላይ በቀትር ጥላው ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ ፀሐይ በአናት ላይ ናትና። እንዲህ ያለው ትምህርት ከዘፈንም በላይ ይዘልቃል።

ሦስተኛው ጉድለት በተለይ እኛን ይመለከታል። ዘመቻው የሕፃናት ዘፈን ነው። በአውስትራሊያም ቢሆን በአንደኛ ደረጃ ባርኔጣውን ደፍቶ የሚወጣው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ያወልቀዋል። የ15 ዓመት ልጅ የሚፈራው ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣውን በሽታ ሳይሆን የዛሬውን የጓደኛ ሣቅ ነው። ለዚህ ዕድሜ መልሱ ሌላ ወፍ መሣል አይደለም። ምክንያቱን ማስረዳት፣ ማለማመድ፣ ደንቡንም ከተማሪዎች ጋር ተማክሮ ማውጣት ነው።

አራተኛውና ዋናው ጥያቄ ግን፣ የተነገረው ለማን ቆዳ ነው? የሚለው ነው። ዘፈኑ የተደረሰው በብዛት ነጭ ቆዳ ላለው ሕዝብ ነው። ጥቁር ቆዳ በውስጡ ባለው ሜላኒን አማካይነት ብዙ የተፈጥሮ ጥበቃ አለው። በፀሐይ ሳቢያ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነው። ስለሆነም ዘፈኑን እንዳለ ተርጉመን ተማሪውን ሁሉ ብናስፈራራ እውነቱን አጣመምን ማለት ነው። እንዲያውም ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን ቫይታሚን ዲ አንሶት ለሪኬትስ ሊጋለጥ እንደሚችል በባዮሎጂ ክፍል የምናስተምረው እኛው ነን።

ታዲያ ትምህርቱ አያስፈልገንም? በሚገባ ያስፈልገናል፤ አልቢኒዝም ያለበት ተማሪ አለንና። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አልቢኒዝም የሚገኘው ከ17,000 እስከ 20,000 ከሚደርሱ ሰዎች በአንዱ ላይ ሲሆን፣ በታንዛኒያ ግን ከ1,400 ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሆነ ይገመታል። ሜላኒን የሌለው ወይም ያነሰው ቆዳ በምድር ወገብ ፀሐይ ሥር ያለ ጋሻ የቆመ ወታደር ነው። በአካባቢያችን አልቢኒዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ገና በጎልማሳነታቸው በቆዳ ካንሰር ሕይወታቸው ያልፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው አብዛኛው ሊቀር የሚችል ሞት መሆኑ ነው። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የሚገኘው የአካባቢው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ኪሊሳን የተባለ መከላከያ ቅባት በአገር ውስጥ እንዲሠራ ማድረጉ፣ ጥረት ካለ መንገድ እንደሚገኝ ምስክር ነው።

ቅባቱ በሌለበትም ትምህርት ቤት ባዶ እጁን አይደለም። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ቢጠናቀቅ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢደረግ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝና ዙሪያውን ሰፊ የሆነ ባርኔጣ በደንብ ልብሱ ውስጥ ቢካተቱ፣ በግቢው ዛፍ ቢተከል፣ ይህ ሁሉ ከበጀት ይልቅ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ባርኔጣ በግቢ ውስጥ ክልክል ነው የሚል ደንብ ካለም ሊሻር ይገባዋል። አልቢኒዝም የዓይንን የማየት ኃይል ስለሚያዳክምና ብርሃን እንዳይቋቋም ስለሚያደርግ፣ ተማሪው ከፊት፣ መስኮቱን በጀርባው አድርጎ ይቀመጥ። በጠራራ ፀሐይ ቁሞ እንዲቀጣ ማድረግ ደግሞ ለማንም ተማሪ የማይገባ፣ ለእርሱ ግን ጉዳቱ እጅግ የከፋ ነው። ደንቡ ለክፍሉ ሁሉ የወጣ ይሁን፤ አንዱን ልጅ ብቻ ባርኔጣ አስደፍቶ ለይቶ ማሳየት ጥበቃውን ወደ መሣለቂያነት ይለውጠዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ፊታቸውን ለማቅላት ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ያለበት ቅባት የሚቀቡ ወጣቶች በተፈጥሮ ያገኙትን ጋሻ በገዛ ገንዘባቸው ያስወልቃሉ። ሜርኩሪው ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለ ፀሐይ ጥበቃ የምናስተምር ከሆነ ይህን ዘለን ማለፍ አንችልም። ሲድ ስለዚህ አንድም ቃል አይልም፤ የእርሱ ተመልካቾች ችግር ስላልነበረ አንፈርድበትም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ከሲድ አጭር ትእዛዝንና ደስታን እንውሰድ። ቅደም ተከተሉን ግን ለራሳችን እናስተካክል፤ ጥላ አንደኛ፣ ልብስና ባርኔጣ ሁለተኛ፣ ቅባት ሦስተኛ። ለሁሉ እኩል ፍርሃት ከማከፋፈልም ይበልጥ ለተጋለጠው ልጅ ይበልጥ እንጠንቀቅ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለዚህኛው ቃል በቃል ይሠራል። ቅጠሉ የዛፍ ጥላ ነው፤ የሚቃጠለውም ነገ መምህር፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሊሆን የሚችል ተማሪያችን ነው።