አሮጌውን መሪ ከአዲሱ መረብ ጋር ማነጋገር

ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጣርማ በርን በሚያቋርጥ ዘመናዊ ከባድ የጭነት መኪና ውስጥ፣ ሞተሩና ሌሎች ክፍሎቹ በአንድ የጋራ መስመር፣ በአንድ ደንብ መረጃ ይለዋወጣሉ። የዛሬ የሸራ ጀልባዎች መረብ፣ ኤንኤምኢኤ 2000፣ የተሠራው በዚሁ የከባድ መኪና ደንብ ላይ ነው። የቆየው አውቶፓይለት፣ ማለትም የጀልባውን መሪ በራሱ የሚያዞረው መሣሪያ፣ ግን የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ኤንኤምኢኤ 0183 ብቻ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 4800 ቢት ነው። በዶላር ምልክት የምትጀምር አንዲት መስመር ጀልባው ከመንገዱ ምን ያህል እንደወጣና ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ መዞር እንዳለበት ትነግረዋለች። ሁለቱን የምታስማማውን ትንሽ የመለወጫ ሣጥን ከልቤ አደንቃታለሁ፤ ያረጀው የመረጃው ቋንቋ እንጂ መሪውን የሚያዞረው ጉልበት አለመሆኑን ታሳያለችና።

«አሮጌ ዕቃ ባሕር ላይ አያስተማምንም፤ ሁሉንም መቀየር ይሻላል» የሚሉ አሉ። የአውቶፓይለቱ ኮምፓስ ከተዛባ ወይም ሞተሩ ከደከመ እውነታቸውን ነው፤ ሣጥኗ ያንን አትጠግንም። አሮጌው መረብ ቀርፋፋ ነው የሚለው ክርክር ግን አያሳምነኝም። በ6 ኖት የሚጓዝ ጀልባ በሰከንድ የሚያልፈው 3 ሜትር ያህል ነው፤ በየሰከንዱ የሚደርስ አንድ መልእክት ለእርሱ በቂ ነው። መሪውን የሚያዞር፣ ደህና የሚሠራ ፓምፕ ነቅሎ መጣል ገንዘብም ድካምም ማባከን ነው። መጠንቀቅ የሚያሻው ገመዱ ላይ ነው፦ ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች ከተገለባበጡ አውቶፓይለቱ ምንም አይሰማም።