ኃይል ሲባዛ በርቀት፤ ግን የትኛው ርቀት?

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቶርክ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት መልሱ ፈጣን ነው፦ ኃይል ሲባዛ በርቀት። እሺ፣ ከየት እስከ የት ያለው ርቀት? እዚህ ላይ ብዙው ዝም ይላል። ለዝምታው ተጠያቂ የማደርገው ተማሪውን ሳይሆን የማስተማሪያ ምሳሌዎቻችንን ነው።

ክፍል ውስጥ የሚሳሉት በርና የብሎን መፍቻ ናቸው። በሁለቱም ላይ ኃይሉ የሚያርፈው በ90 ዲግሪ ስለሆነ ማዕዘኑን የረሳ ተማሪም ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። ስህተቱ የሚጋለጥበት ምሳሌ ያስፈልገናል።

እስቲ ወደ እንጅባራ፣ ወደ ቆሰበር እንሂድ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብርባት ከተማ ናት። ፈረሰኛው እርካብ ረግጦ ሲወጣ ኮርቻው ወደሱ መዞር ይፈልጋል። ኮርቻው ከዞረ ደግሞ ሰውየው መሬት ላይ ነው።

እናስላው። ሰውየው 60 ኪሎ ነው እንበል፤ ክብደቱ ወደ 600 ኒውተን ይሆናል። ሙሉ ክብደቱ እርካቡ ላይ ያረፈ ነው ብለን እንውሰድ። እርካቡ ከፈረሱ ሰውነት መሃል 30 ሳንቲሜትር ወደ ጎን፣ 40 ሳንቲሜትር ወደ ታች ይገኛል። ከመሃሉ እስከ እርካቡ ያለው ቀጥታ ርቀት 50 ሳንቲሜትር ነው።

ቀመሩን የሸመደደው ተማሪ 600 × 0.5 ብሎ 300 ኒውተን ሜትር ያገኛል። ተሳስቷል። ክብደት የሚጎትተው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው፤ የሚቆጠረው ርቀት ከመዞሪያው መሃል እስከዚያ የኃይል መስመር ድረስ ያለው ቀጤ ነክ ርቀት ነው፤ ይኸውም 30 ሳንቲሜትር። 600 × 0.3 = 180 ኒውተን ሜትር። በሳይንም ብትሄዱ ያው ነው፦ 600 × 0.5 × 0.6።

ይህን የተረዳ ሰው ሳይነገረው ብዙ ነገር ያውቃል። የእርካቡን ጠፍር ማሳጠር ብቻውን ቶርኩን አይቀንስም፤ የጎን ርቀቱ አልተለወጠማ! ጋላቢው ደረቱን ወደ ፈረሱ ጀርባ ሲያስጠጋ ግን የክብደቱ መስመር ወደ መሃል ስለሚቀርብ ቶርኩ ይቀንሳል። ጓደኛው በሌላው ጎን ያለውን እርካብ በ200 ኒውተን ወደ ታች ቢይዝለት 60 ኒውተን ሜትር በተቃራኒው አቅጣጫ ያገኛል፤ የሚቀረው 120 ነው። እሱን የሚሸከሙት የኮርቻው ማሰሪያና ሰበቃ ናቸው። መሃል ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ያው 600 ኒውተን ሆኖ ቶርኩ ዜሮ ይሆናል።

ለዚህም ነው «ጠምዛዥ ኃይል» የሚለውን ትርጉም የማልወደው። ቶርክ ኃይል ቢሆን ኖሮ፣ 600 ኒውተን እዚያው እያለ እንዴት ዜሮ ይሆናል? መለኪያውም ኒውተን ሳይሆን ኒውተን ሜትር ነው። ስያሜው ራሱ ተማሪውን ያሳስታል።

በርና መፍቻ ይቅሩ አልልም፤ ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ናቸው። እዚያ ላይ ማቆም ግን ዋጋ ያስከፍላል። ምሰሶና ድልድይ የሚሰላው በዚሁ ሐሳብ ስለሆነ፣ ኢንጂነሪንግ የሚገባ ተማሪ ክፍተቱን ይዞት ይገባል። መምህራን፣ በሚቀጥለው ፈተና ላይ ማዕዘኑ 90 ያልሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ርቀቱን ከየት እስከ የት እንደለካ ተማሪው በስዕል ያሳያችሁ።